የድሮ ዲቲ 175ን ለውድድር ማዘጋጀት፦ ሞተሩና ፍሪሲዮኑ

ያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነው፦ ለውድድር ምን ይገጠምለት? ትልቅ ካርቡራተር፣ የውድድር ማርሚታ ወይስ ጠንካራ የፍሪሲዮን ሞላ? ሦስቱም ተራቸው ይደርሳል። ግን ዐሥርት ዓመታት የሠራን ሞተር መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ አየር የሚስብበትን መድፈን፣ ከዚያ ኃይል መጨመር ነው። ተራውን የገለበጠ ሰው አዲስ ፒስተን ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን ያስነክሰዋል (ፒስተኑ ሞቆ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)።

መመሪያው የተጻፈው በአየር ለሚቀዘቅዘው ቱ ስትሮክ ዲቲ 175 ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 66 ሚ.ሜ.፣ የፒስተኑ ምት 50 ሚ.ሜ.፣ ይዘቱ 171 ሲሲ ነው። ዲቲ 125 (56 በ50) ላላችሁም አሠራሩ ያው ነው፤ ከሲሊንደሩ ስፋት የሚወጡትን ልኮች ብቻ መልሳችሁ አስሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቱ)፣ ከነፒኑና ከትንሹ የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያያይዘው ዘንግ) ኩሽኔት ጋር (ልኩ በደረጃ 3 ሲሊንደሩ ከተለካ በኋላ ይወሰናል፤ ቀድማችሁ አትግዙ)
- ሁለቱም የክራንክ ሻፍት ፓራኦሊዮዎች (ዘይትና አየር የሚያግዱ ጎማዎች)፣ ሙሉ የጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ወረቀት) ስብስብ
- የፋይበር ሪድ ቅጠል (በሞተሩ መግቢያ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ስስ ቅጠል)
- ሚኩኒ ቪኤም28 ካርቡራተር፣ ከ130 እስከ 190 በ5 በ5 የሚጨምሩ ዋና ጄቶች (የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑ ባለቀዳዳ ብሎኖች)
- ካንዴላ፦ ኤንጂኬ ቢ8ኢኤስ እና ቢ9ኢኤስ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት
- ሙሉ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የብረት ዲስኮች፣ ከፋብሪካው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚጠነክሩ ሞላዎች
- የጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤምኤ ምልክት ያለው 10ደብሊው-40 ዘይት፤ ለቤንዚኑ የጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ ምልክት ያለው የቱ ስትሮክ ዘይት
- የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ዝቅተኛ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ ከእጅ ፓምፕ ጋር፣ የቀዳዳ መድፈኛ ጎማዎች
- ማይክሮሜትር፣ ካሊብሮ፣ ፊለር ጌጅ፣ ቶርክ ሬንች፣ የቮላኖ (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ባለማግኔት ክብ) መንቀያ
- 2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ስታኞ (ለስላሳ የብየዳ ሽቦ)፣ ወፍራም መስታወት፣ 220 እና 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያ

የድሮ ፍሪሲዮን ዲስክና የድሮ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በኮምፕረሰር አትንፉት፣ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትሹት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ።

ቮላኖውን በመዶሻ አትንቀሉ። ማግኔቱ ይሰነጠቃል፤ ክራንክ ሻፍቱም በግፊት የተገጣጠመ ስለሆነ ከመስመሩ ይወጣል።

ሞተሩን እንዳይዞር ለመያዝ በካንዴላ ቀዳዳ ገመድ ማስገባት የፎር ስትሮክ ዘዴ ነው። ቱ ስትሮክ ላይ ገመዱ በማርሚታ ቀዳዳ ገብቶ ይቆረጣል፣ ቁራጩም ውስጥ ይቀራል። በምትኩ ከክራንክ ሻፍቱ ወደ ፍሪሲዮኑ ኃይል በሚያስተላልፉት ሁለት ትልልቅ ጥርሶች መካከል ለስላሳ የመዳብ ቁራጭ አስገቡ።

1. ሳትፈቱ ለኩ

ሞተሩን አሙቁ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያውን በካንዴላ ቀዳዳ ግጠሙ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መርፌው መጨመሩን እስኪያቆም ፔዳሉን ምቱ። ያገኛችሁትን ቁጥር ከቦታው ከፍታ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። በባሕር ወለል ላይ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ 110 አካባቢ ብቻ ያሳያል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 130 ይጠጋል። አየሩ ስለሳሳ ነው እንጂ ፋሻው ስላለቀ አይደለም። ብዙ ሰው የውጭ መጽሐፍ ላይ ያየውን 150 አዲስ አበባ ላይ ለማምጣት ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ያስቀርፋል፤ ያ ሞተር ቆላ ሲወርድ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ይቀልጣል።

ቀጥሎ የአየር ማፍሰስ ፈተና። ካርቡራተሩንና ማርሚታውን አውርዳችሁ ሁለቱን ቀዳዳዎች በጎማ ድፈኑ፤ የዘይት ፓምፑ ቱቦ የሚገባበትንም ጭምር። በአንዱ መድፈኛ በኩል 6 ፒኤስአይ አየር አስገቡና 6 ደቂቃ ጠብቁ። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ የሳሙና አረፋ እየቀባችሁ ፈልጉት። ከ6 በላይ አትንፉ፤ የፓራኦሊዮው ከንፈር ይገለበጣል።

2. ክራንክ ሻፍትና ፓራኦሊዮ

ሁለቱን ፓራኦሊዮዎች በፈተናው ባያፈሱም ቀይሩ። የጉዳታቸው ዓይነት ይለያያል። በቮላኖ በኩል ያለው ሲያልቅ ደረቅ አየር ያስገባል። የአየርና የቤንዚን ቅልቅሉ ይሳሳል (ቤንዚኑ ያንሳል)፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ያለው ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያልቅ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ይሳባል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ዘይቱም መሬት ላይ ሳይፈስ ይጎድላል።

ቢዬላውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። ምንም ጨዋታ መኖር የለበትም። ወደ ጎን ሲወዛወዝ ጫፉ ላይ ከ0.8 እስከ 1.0 ሚ.ሜ. የአዲስ ልክ ነው፤ 2.0 ከደረሰ ቢዬላው ከነኩሽኔቱ ይቀየር። ይህን ሥራ ክራንክ ሻፍት መፍታትና መስመር ማስገባት ለሚያውቅ ቤት ስጡ።

3. ሬቲፊካ (ሲሊንደሩን ማስበስ)

ሲሊንደሩን በላይ፣ በመሃልና በታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ለኩ። የፒስተን ኦቨርሳይዝ (ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ፒስተን) በ0.25 ሚ.ሜ. እየጨመረ ይሄዳል። የምትወዳደሩበት ክፍል በ175 ሲሲ የተገደበ ከሆነ 66.75 ላይ ቁሙ፤ እዚያ 174.97 ሲሲ ነው። 67.00 ከሆነ 176.3 ስለሚደርስ ከክፍሉ ውጪ ትሆናላችሁ።

መጀመሪያ ፒስተኑን ገዝታችሁ፣ ሲሊንደሩን በዚያ ፒስተን ልክ አስበሱ። ለመንገድ የሚሰጠው ክፍተት ለውድድር ይጠባል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙሉ ጋዝ ላይ ሲቆይ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ይሰፋል። ተራው ካስት (በቅርጽ የፈሰሰ) ፒስተን ከሆነ 0.05 ሚ.ሜ. ገደማ፣ ፎርጅድ (በግፊት የተቀጠቀጠ) ከሆነ ከ0.07 እስከ 0.08 በሉ። ባለሙያው “በእጄ አውቀዋለሁ” ካለ ሌላ ቤት ሂዱ።

ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደር ውስጥ አስገብታችሁ በፒስተኑ ግንባር ቀጥ አድርጉትና የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። ከ0.30 እስከ 0.45 ሚ.ሜ. ይሁን። ከጠበበ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ፋሻው ይሰበራል። በሞረድ ስትቀንሱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ብቻ ሞርዱ።

4. ቀዳዳዎቹ

ከሬቲፊካ በኋላ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቀራል፣ ፋሻውም ይያዝበታል። ሁሉንም ጠርዝ በ400 ወረቀትና በደቃቅ ሞረድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አለዝቡ። የማርሚታውንና የሪዱን ቀዳዳ የላይና የታች ጠርዝ ደግሞ የበለጠ አለዝቡት።

ከዚያ የሚያዋጣው ሥራ ማገጣጠም ነው። የሲሊንደሩን ጓርኒሲዮን ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው አካል) ላይ አስቀምጡና የነዳጅ ማስተላለፊያ ቀዳዳዎቹ የማይገጥሙበትን ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል 1 ሚ.ሜ. ገደማ ደረጃ ታገኛላችሁ። ደረጃውን ብቻ አንሱት፣ ቀዳዳውን አታስፉ።

የማርሚታ መውጫውን ከፍ ማድረግ ብዙ ሰው የሚጣደፍለት ነው። በዚህ ሞተር 1 ሚ.ሜ. ከፍ ማድረግ ቀዳዳው ክፍት የሚቆይበትን ወደ 5 ዲግሪ ያረዝመዋል። ኃይሉ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል፣ ከታች የነበረው ጉልበት ይሄዳል። የፋብሪካው ማርሚታ ካለ ምንም አታንሱ፤ ጥቅሙ የሚታየው ለከፍተኛ ዙር በተሠራ ማርሚታ ብቻ ነው። ማርሚታው ካለም 1 ሚ.ሜ. ይበቃል። ወደ ጎን ስታሰፉ ከ43 ሚ.ሜ. አትለፉ። ይህ የሲሊንደሩ ስፋት 65 በመቶ ነው፤ ካለፈ ፋሻው ወደ ቀዳዳው እየተለጠጠ ይሰበራል። ፒስተኑ ላይ ያሉት የፋሻ መያዣ ፒኖች የት እንደሚያልፉም አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ የፋሻው ጫፍ በቀዳዳ ላይ ማለፍ የለበትም።

ስትጨርሱ ሲሊንደሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እጠቡ። ነጭ ጨርቅ ስታሻሹበት ግራጫ ካሳየ ገና ነው፤ በቤንዚን ብቻ የታጠበ ሲሊንደር የብረት ዱቄቱን ይዞ ይቀራል። ወዲያው ዘይት ቀቡት።

5. ቴስታታውን በልኩ

የሚለካው በፒስተኑ ጠርዝና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ሁለት ቁራጭ ስታኞ በቅባት ፒስተኑ ላይ፣ በፒኑ መስመር ግራና ቀኝ፣ ጫፉ የሲሊንደሩን ግድግዳ እስኪነካ ለጥፉ። በሌላ አቅጣጫ ካደረጋችሁት ፒስተኑ ይወዛወዝና የተሳሳተ ልክ ይሰጣችኋል። ቴስታታውን በሙሉ ጥብቀት ዝጉ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ጊዜ አዙሩ፣ ፍቱና የተጨፈለቀውን ጫፍ ለኩ።

ግቡ ከ1.0 እስከ 1.2 ሚ.ሜ. ነው። ከ1.0 በታች ከወረደ በከፍተኛ ዙር ቢዬላው ሲለጠጥ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊነካ ይችላል። ለምሳሌ 1.7 ካገኛችሁና 1.1 ከፈለጋችሁ ቶርኖ ቤት 0.6 ሚ.ሜ. ይቀርፋል። በዚህ ሲሊንደር እያንዳንዱ 0.1 ሚ.ሜ. 0.34 ሲሲ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 0.6 ወደ 2 ሲሲ ገደማ ይሆናል። የታችኛውን ጓርኒሲዮን በማሳሳት ክፍተቱን ለማጥበብ አትሞክሩ፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ አብረው ይወርዳሉ።

ስትጨርሱ ኮምፕሬሽኑን እንደገና ለኩ። አዲስ አበባ ላይ ከ110 እስከ 120፣ ድሬዳዋ ላይ ከ130 እስከ 140 ከሆነ በተራ ቤንዚን ይሠራል። ከበለጠ የመሃሉን ጓዳ ቶርኖው ትንሽ ያስፋው፣ የጠርዙን ክፍተት ግን አይንካ። ፋዛቱራውን (ካንዴላው የሚያቃጥልበትን ጊዜ) ከፋብሪካው ልክ ወደ ፊት አታስኪዱ፤ ኮምፕሬሽን ከጨመረ በኋላ ያ ሙቀት ብቻ ነው።

6. ሪድ፣ ካርቡራተርና የዘይት ፓምፕ

የብረት ሪድ ቅጠል ሲያረጅ ጫፉ ይሰበርና ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የፋይበሩ ቢሰበር ጉዳቱ ያነሰ ነው። ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት፤ ጫፉ ከ0.3 ሚ.ሜ. በላይ ከተከፈተ አይዘጋም። ትንንሾቹን ብሎኖች በሎክታይት እሰሩ።

ካርቡራተሩ ከ28 ሚ.ሜ. አይብለጥ። 34 የሚገጥሙ አሉ፤ አየሩ ቀስ ስለሚል ቤንዚኑን አይስብም፣ ከጠመዝማዛ ስትወጡም ሞተሩ ይታነቃል።

የዘይት ፓምፑን ለማውጣት ከወሰናችሁ ቦታውን በአሉሚኒየም ሰሌዳና በጓርኒሲዮን ዝጉ፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚገባባትን ትንሽ ቱቦም በጥብቅ ድፈኑ። ያቺ ክፍት ከቀረች ከደረጃ 1 የሸሻችሁት የአየር ማፍሰስ በእጃችሁ ተሠራ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የቤንዚንና የዘይት ቅልቅሉ 32 ለ1 ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይት ሲበዛ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለሚያንስ ከአየር ጋር ያለው ቅልቅል ይሳሳል፤ ስለዚህ “ለማንኛውም” ብላችሁ አትጨምሩ።

7. ፍሪሲዮኑ

ኃይሉ ከጨመረ በኋላ መጀመሪያ የሚሸነፈው ይህ ነው። ሞላ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ግን ግማሽ ሥራ ነው።

ሀ. ዘይቱን አፍስሱ፣ ሽፋኑን አውርዱ፣ የሞላ ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት ፍቱ። አንዱን ጨርሶ መፍታት ግፊት ሰሌዳውን ያጣምማል፣ የአሉሚኒየሙንም ጥርስ ይሰብራል። ዲስኮቹ ሲወጡ በተራቸው ፎቶ አንሱ።

ለ. የመሃሉን ዳዶ ለመፍታት ከአሮጌ የብረት ዲስክ ላይ እጀታ በየዱና መያዣ ሥሩ። ካቻቢቴ አስገብቶ ማስቆም ጥርሱን ይሰብረዋል። ዳዶውን የሚቆልፈውን ሰሌዳ በአዲስ ተኩ።

ሐ. የፍሪሲዮን ዲስኮቹን ውፍረት ለኩ። አዲሱ 3.0 ሚ.ሜ. ከሆነ 2.7 ላይ አልቋል። አምስት ዲስክ እያንዳንዱ 0.2 ቢያጣ በድምሩ 1.0 ሚ.ሜ. ነው፤ ሞላውም በዚያው ልክ ላልቶ ይቀመጣል። ሞላው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተተው ስለዚህ ነው።

መ. የብረት ዲስኮቹን መስታወት ላይ አስቀምጡና 0.05 ሚ.ሜ. ፊለር ጌጅ ከሥራቸው አስገቡ። ከገባ ዲስኩ ጠምሟል፣ ጣሉት። ሰማያዊ የሆነውም ተቃጥሏል። ጤነኞቹን 220 ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግታችሁ ክብ እየሠራችሁ እሹ፤ የሚያብለጨልጨው ገጽ ካልጠፋ ዘይት አይይዝም።

ሠ. ዲስኮቹ የሚንሸራተቱበትን የቅርጫቱን ጣቶች በጥፍራችሁ ፈትሹ። ዲስኩ የቆፈረው ጉድጓድ ካለ ፍሪሲዮኑ “ይነካል” እንጂ አይላቀቅም፤ ሲለቀቅም በድንገት ይይዛል። እስከ 0.5 ሚ.ሜ. ከሆነ በጠፍጣፋ ሞረድ ከሁሉም ጣት እኩል አንሱ። ከዚያ ካለፈ ቅርጫቱን ቀይሩ። ቅርጫቱን ከትልቁ ጥርስ ጋር ያያዙት ሪቬቶች ላልተው እንደሆነም በሁለት እጅ እየጠመዘዛችሁ እዩ።

ረ. አዳዲስ የፍሪሲዮን ዲስኮችን ከመግጠማችሁ በፊት ሌሊቱን ሞተሩ በሚሞላው በዚያው ዘይት ዘፍዝፉ። ደረቅ የገባ ዲስክ በመጀመሪያው መነሻ ላይ ይቃጠላል። ስትደረድሩ መጀመሪያና መጨረሻ የሚገባው የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። የብረቶቹን የተጠጋጋ ጠርዝ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ።

ሰ. ጠንካራ ሞላ ካልተገኘ ከብሎኑ ራስ ሥር፣ ሞላው ላይ 1 ሚ.ሜ. ዋሸር መጨመር ይቻላል። ቢሆንም ማንሻውን እስከ መጨረሻ ጨብጣችሁ በሞላው ጥምዝ መካከል ብርሃን መታየት አለበት። ጥምዞቹ ከተነካኩ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፣ ብሎኑም ይበጠሳል። ጠንካራና ኦሪጅናል ሞላ ከቀላቀላችሁ ጠንካሮቹ ፊት ለፊት ይሁኑ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ አትቀላቅሉ። ከ15 በመቶ በላይ አትጠንክሩ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጣታችሁ ይደነዝዛል።

ሸ. የሞላ ብሎኖቹን በመስቀል እሰሩ። ኤም5 ከሆነ ከ5 እስከ 6፣ ኤም6 ከሆነ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር። ቀዳዳው አሉሚኒየም ስለሆነ በእጅ ግምት ማሰር ጥርሱን ይልጠዋል። መግፊያ ዘንጉን ስትመልሱ አብራው የምትገባውን የብረት ኳስ አትርሱ። መቆጣጠሪያውን እስኪነካ አስገቡና ሩብ ዙር መልሱ፤ ማንሻው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ልቅ ይቅር።

8. መዝጋትና ማላመድ

የቴስታታውን ዳዶዎች (ኤም8) በመስቀል፣ በሦስት ጊዜ፣ እስከ 22 ኒውተን ሜትር እሰሩ። አስነሱት፣ የሲሊንደሩ ክንፎች እጅ የማያስነኩ እስኪሆኑ በሚኒሞና በመካከለኛ ዙር ያዙት፣ አጥፉና ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙና ቀዝቅዞ ሳለ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ሬንች አረጋግጡ። የመጀመሪያው ታንክ እስኪያልቅ ሙሉ ጋዝ ላይ አትቆዩ።

9. ጄት ማስተካከል

ይህ የሚሠራው ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ ነው። ከወፍራም ቅልቅል (ከትልቅ ጄት) ጀምሩና በ5 ቁጥር ውረዱ። አዲስ ካንዴላ ግጠሙ፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ንዱ፣ ጋዙን ሳትመልሱ ሞተሩን አጥፉና ፍሪሲዮኑን ጨብጡ። የሚታየው ከሸክላው ጫፍ ሳይሆን ከታች፣ ሸክላው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ያለው ቀለበት ነው። ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ፍንጣቂዎች ከታዩ ሞተሩ ሊነክስ ነው፤ ጄቱን ወዲያው አሳድጉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ አየሩ 12 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ካርቡራተሩ ግማሹን በራሱ ስለሚያካክስ ዋናው ጄት በ6 በመቶ ያህል ይደግ፤ 150 ከነበረ በ160 ጀምሩ። ካንዴላውንም ከቢ8ኢኤስ ወደ ቢ9ኢኤስ ቀይሩ። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ላሉት ለአዳማና ለሐዋሳ በ155 ጀምሩ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ሙሉ ጋዝ ላይ ዙሩ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም፦ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት ማንሻው ላይ ልቅነት መኖሩን፣ ዘይቱም ግጭት የሚቀንስ የመኪና ዘይት አለመሆኑን እዩ። የመኪናው ከሆነ ዲስኮቹ ጠጥተውታል፤ ዘይት መቀየር ብቻ አይበቃም።

ማርሽ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ይጎትታል፦ የጠመመ ብረት ዲስክ፣ የተቆፈረ ቅርጫት ወይም የተረሳች ኳስ።

ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይሞታል፦ ካርቡራተሩን ከመነካካት በፊት የ6 ፒኤስአይ ፈተናውን ድገሙ።

የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት፦ ቅልቅሉን ያሳሳል፣ በአቧራማ ሜዳ ላይም አዲሱን ፋሻ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ስፖንጁን አጥባችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ ጨምቃችሁ መልሱት።